ዳንቴል፦ ሸማኔ ሳትጠብቅ ጨርቅ የሠራች ሴት ታሪክ

የጎንደር ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ድንጋይ ነው፤ የፋሲል ግንብ፣ የቁስቋም ፍርስራሽ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር። ከድንጋዩ ቀጥሎ ጦርነት ይመጣል፤ ከተማዋን ማን ገነባት፣ ማን አቃጠላት፣ ማን ነጻ አወጣት። ስለ ክር የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ክር ስትፈትልና ስትቋጥር ዕድሜዋን ስለጨረሰች ሴት የሚያወራ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ነገር ግን ከአዘዞ እስከ ደባርቅ በብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ ለአስርት ዓመታት የተቀመጠ አንድ የታሪክ ሰነድ አለ። ከብርጭቆው ሥር፣ ከአበባ ማስቀመጫው ሥር፣ ከሬዲዮው ላይ፣ ከሶፋው መደገፊያ ላይ ይገኛል። ነጭና ክብ ነው፤ ዳሩ እንደ አበባ ተከፋፍሏል። ስሙ ዳንቴል ነው። አብዛኛው ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል፤ አንዳንዱም ጊዜው ያለፈበት ጌጥ ይለዋል። ይሁን እንጂ ይህ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ስለ ሥራ ክብር፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርትና ስለ ገንዘብ ከብዙ ግንብ የበለጠ ይናገራል።

ክሩ የሴት፣ ጨርቁ የወንድ

ዳንቴል ከመምጣቱ በፊት የነበረውን የሥራ ክፍፍል ማስታወስ ያስፈልጋል።

በደጋው አማራ አገር ጥጥ ወደ ልብስ የሚደርሰው በሁለት እጅ ነው። የመጀመሪያው የሴት እጅ ነው። ጥጡ ይፈለቀቃል፣ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂት ይሆናል። ይህ ሥራ ከገበሬ ሚስት እስከ እመቤት ድረስ የሁሉም ነበር። መፍተል አያሳፍርም፤ ይልቁንም ቀጭን ፈትል የምታወጣ ሴት ባለሙያ ተብላ ትመሰገናለች።

ሁለተኛው እጅ የሸማኔው ነው። ሽመና የወንድ ሥራ ነበር። በጎንደርና በዙሪያዋ ደግሞ በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤላውያን ሥራ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በዚያ ዘመን ክብር ከርስት ጋር የተቆራኘ ነው። ርስት የተነፈገ ወይም በመሬት ላይ ያለው መብት የጠበበ ሰው ወደ ንግድ፣ ወደ ሽመና፣ ወደ ቀጥቃጭነትና ወደ ሸክላ ሥራ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደው ጉባኤ በሃይማኖት የተለዩት ወገኖች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ሲወስን፣ የሰፈር ልዩነቱ የሥራውንም ልዩነት አጠነከረው። ሸማኔው አገሩን ሁሉ እያለበሰ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ይወጣል። ክር ማውጣት ክብር ነው፤ ያንኑ ክር ጨርቅ ማድረግ ውርደት ነው። ሴቲቱ ዓመቱን ሙሉ ፈትላ ልቃቂቷን ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ነጠላው፣ ጋቢውና ቀሚሱ ከሸማኔው ጉድጓድ ይወጣል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በጨርቅ ሥራ ላይ ቃል በቃል ይሠራ ነበር። የሴቲቱ ሥራ ክር ላይ ያበቃል፤ የሥራው ፍጻሜ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ቤተ መንግሥቱ የተወው ሐር

ጎንደር በጨርቅ ጥበብ ድሃ ከተማ አልነበረችም። በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየምና በቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኙት ትልልቅ የሐር መጋረጃዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ተመራማሪዎች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ቤተ መንግሥት፣ ከአፄ በካፋና ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጋር ያያይዟቸዋል። ቁመታቸው ብዙ ሜትር ነው። የተሠሩትም ክር በትንንሽ ብስ ሰሌዳዎች እየተሳበ፣ ሰሌዳዎቹ እየዞሩ በሚሸመንበት ዘዴ ነው፤ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት የዓለም ጨርቆች ውስጥ በትልቅነታቸው የሚታወቁ ናቸው። የለንደኑ መጋረጃ ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ሙዚየሙ ገባ።

ሐሩ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ነበር። ባለቀለም ክር ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለቀለም ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል ነበር። አንዱን ልብስ አፍርሶ ሌላውን ማስጌጥ የቆየ ልማድ ነው። ያረጀ ሹራብ ተርትራ በክሩ ዳንቴል የምትሠራ የዛሬ እናት፣ ሳታውቀው ያንን ልማድ ቀጥላለች።

በእነዚያ መጋረጃዎች ላይ ነገሥታቱና መኳንንቱ በምስል ይታያሉ። የሠራቸውን ሰው ስም ግን ታሪክ አልያዘውም። በጨርቅ ሥራ ላይ የባለቤቱ ስም ይቀራል፣ የሠሪው ይጠፋል። ዳንቴልም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም።

ቃሉ መንገዱን ይናገራል

ኪሮሽ በዓለም ታሪክ ውስጥ ወጣት ሥራ ነው። ሹራብ ሥራና ጥልፍ እጅግ ጥንታዊ ሲሆኑ፣ በአንድ ቀንጃ መርፌ ክርን እየሳቡ መቋጠር በአውሮፓ ተስፋፍቶ በመጽሐፍ መታተም የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የፋሲል ግንብ በዚያን ጊዜ የ200 ዓመት ዕድሜ ነበረው።

ወደ አማርኛ የገቡት ሁለቱ ዋና ቃላት ፈረንሳይኛ ናቸው። «ዳንቴል» ጥርስ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወለደ ሲሆን እንደ ትናንሽ ጥርስ የተከፈለ ዳር ያለውን ጨርቅ ያመለክታል። «ኪሮሽ» ደግሞ ትንሽ ቀንጃ ማለት ነው። ቱርኮችም ይህንኑ ሥራ ዳንቴል ይሉታል፤ በቀድሞው የኦቶማን ግዛት ይኖሩ የነበሩና በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ አርመኖችም በዳንቴል ሥራቸው የታወቁ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት መታረም አለበት። ጎንደር ፒያሳዋም፣ ፖስታ ቤቷም፣ ሲኒማዋም የጣሊያን እጅ ያረፈባት ከተማ በመሆኗ ብዙ ሰው ዳንቴልንም ከጣሊያን ጋር ያያይዛል። ጣሊያን ጎንደርን በ1928 ዓ.ም. ይዞ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆይቷል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ትልቅ ሽንፈቱን የተጎነጨውም እዚያው ነው። ማኪና፣ ጎማ፣ ፎርኖ፣ ካልሲ የሚሉትን ቃላት ትቶልናል። ለኪሮሽ የሚጠቀምበት የጣሊያንኛ ቃል ግን «ኡንቺኔቶ» ነው፤ አማርኛ ይህን ቃል አልወሰደም። ቃሉ የሚጠቁመው ሥራው በፈረንሳይኛ በር መግባቱን ነው።

ያ በር የት ነበር? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት፣ የባቡርና የትምህርት ቤት ቋንቋ ነበር። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የፋብሪካ ክርና መርፌ አብሮ ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በፈረንሳዊት ርእሰ መምህርት ሥር ሥራውን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም የእጅ ሥራን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አደረገ። ከዚያ በኋላ በየክፍለ ሀገሩ በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ሴት ልጆች «የእጅ ሥራ» በሚል ስም መርፌ፣ ክርና ኪሮሽ ይዘው ተቀመጡ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከታላቅ እህት ወደ ታናሽ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተሻገረ። በደጋው የገበያ ከተሞች፣ በዳባትም በደባርቅም፣ የመምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ሚስቶች ይዘውት የሄዱት ሥራ የአገሬው ሆነ።

ያለ ጉድጓድ፣ ያለ ስድብ

ዳንቴል ለምን እንዲህ በፍጥነት ተቀባይነት አገኘ? ውበቱ ብቻ አይደለም።

አንደኛው ምክንያት ዕቃው ነው። ሸማኔ ጉድጓድ፣ ዕቃና ቦታ ይፈልጋል። ኪሮሽ ግን አንዲት ቀንጃ መርፌና አንድ ልቃቂት ናት። ወጡ እስኪበስል፣ ሕፃኑ እስኪተኛ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይሠራል፤ ሲጠሩ ይቀመጣል፤ ሲመለሱ ከቆመበት ይቀጥላል። የሴት ቀን የተቆራረጠ ነው፤ ዳንቴልም ለተቆራረጠ ቀን የተበጀ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እጁ ቀድሞ ያውቀዋል። የብርጭቆ ማስቀመጫ የሚሆን ክብ ዳንቴል የሚጀምረው ከመሀል ነው። አምስት ስድስት ሰንሰለት ተሠርቶ ጫፍና ጫፉ ይገናኛል፤ በዚያ ቀለበት ላይ አንድ ዙር ይቋጠራል፤ በየዙሩ የቋጠሮው ቁጥር በእኩል መጠን ይጨምራል። ጭማሪው ካነሰ ዳሩ ወደ ላይ ታጥፎ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል፤ ከበዛ ይጨማደዳል። ልኩን ሲያገኝ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህን ሕግ የጎንደር ሴት ከፈረንሣይ አልተማረችውም። ሰፌድና ሞሰብ የሚሰፋው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከመሀል ተነስቶ፣ እየዞረ፣ እየሰፋ። አክርማና ስንደዶ ስትሰፋ ላደገች ልጅ አዲስ የሆነው ክሩና መርፌው ብቻ ነበር፤ ስሌቱን ከእናቷ ወርሳዋለች።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ክብር ነው። ዳንቴል ከውጭ ስለመጣ ከማንም ዘር፣ ከማንም ሃይማኖት ጋር የተያያዘ ስድብ አልነበረውም። ሸማኔን የሚሰድብ ቤት የልጁን ዳንቴል ለእንግዳ ያሳያል። በታሪክ ሲታይ ትልቅ ለውጥ ነው። ሴቲቱ ክሯን ለሌላ ሰው ሳትሰጥ፣ ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ መጨረሻው ራሷ ጨርስ ጨርቅ አደረገች። ክር ላይ ይቆም የነበረው ሥራዋ ዕቃ ሆኖ ወጣ። ክርስቲያኗም፣ ሙስሊሟም፣ ቤተ እስራኤላዊቷም አንዱን አበባ ከሌላዋ እየቀዱ ሠሩት።

የሳሎኑ ዘመን

ዳንቴል የነገሠው ሳሎን ሲመጣ ነው። በክብ ቤት ውስጥ መደብና ምሰሶ እንጂ ለዳንቴል የሚሆን ጠረጴዛ የለም። በከተማ አራት ማዕዘን ቤት፣ ሶፋ፣ ቡፌና ባለመስተዋት ጠረጴዛ ሲገባ የሚሸፈን ነገር በዛ። ሬዲዮ መጣ፣ ዳንቴል ለበሰ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥን እየዋለ እያደረ ወደ ክፍለ ሀገር ቤቶች ሲደርስም ዳንቴል ለበሰ። ከውጭ የመጣ ውድ ዕቃ የቤቱ የሚሆነው የቤቷ እመቤት እጅ ሲያርፍበት ነበር።

ክሩም ቀረበ። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የፋብሪካ ድርና ማግ ለሰሜኑ ገበያ ቅርብ ሆነ። የሚያገባ ልጅ ያላት እናት የዳንቴል ሙሉ ስብስብ ታዘጋጃለች፤ ለጠረጴዛው አንድ ትልቅ፣ ለሶፋው መደገፊያ ሦስት አራት፣ ለብርጭቆ ስድስት፣ ለረከቦቱም የሚሆን። ከታጠበ በኋላ በስታርች ወይም በስኳር ውሃ ተነክሮ፣ ተወጥሮ ይደርቃል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በደርግ ዘመንም ሥራው አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በየቀበሌው ሴቶችን ሲያደራጅ የእጅ ሥራ አብሮ ነበር።

እዚህ ላይ ግን የታሪኩን ሌላ ገጽታ መሸፈን ተገቢ አይደለም። ዳንቴል ነጻነትም ነበር፣ አጥርም ነበር። ወንዱ ተማሪ እንጨት ሥራና እርሻ ሲማር ሴቷ የሳሎን ጌጥ ትማራለች። የተማረች ሴት መለኪያው «ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ዳንቴል ትሠራለች» ሲሆን ከዚያ በላይ የምትመኘው ነገር ትርፍ ይመስላል። እጇ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ የተሰጣት ሥራ ዋጋ እንዳይጠየቅበት ሆኖ ተሰጣት። ለስጦታ ይሆናል፣ ለሠርግ ይሆናል፣ ለእንግዳ ይታያል፤ ሒሳቡን የሚጠይቅ የለም።

ማን ይቁጠረው?

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የኢኮኖሚ ሕግ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት የቤት ውስጥ ሥራን ሁሉ ከምርት ውጭ አያደርግም። ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳትና ልጅ ማሳደግ ያለ ክፍያ ሲሠሩ አይቆጠሩም። ቤተሰብ ለራሱ የሚያመርተው ዕቃ ግን፣ ጨርቅና ቅርጫት ጨምሮ፣ በመርህ ደረጃ በምርት ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዲት የወገራ ሴት የሠራችው ዳንቴል በመርህ ደረጃ የአገር ምርት ነው። በተግባር ግን መጠኑ ትንሽ ነው ተብሎ ይታለፋል። የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሴቶች ያለ ክፍያ በሚሠራ ሥራ ላይ ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ ታይቷል። የሚታየው ጊዜ ዋጋ ሳይኖረው፣ ዋጋ ሊኖረው የሚገባው ዕቃ ሳይታይ ይቀራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንዲት ሴት አንዱን የብርጭቆ ማስቀመጫ በ2 ሰዓት ብትጨርስ፣ ስድስቱ 12 ሰዓት ይፈጃሉ፤ አንድ ቀን ተኩል የሥራ ጊዜ ማለት ነው። በገበያ ላይ የምትጠየቀው ዋጋ የክሩን ዋጋ ጥቂት ካለፈ ደግሞ ጉልበቷን በነጻ ሰጥታለች። «ቁጭ ብላ የሠራችው ነው» የሚለው አነጋገር ዋጋውን ይገድለዋል። ሸማኔም ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ጸሐፊም ቁጭ ብሎ ነው።

የአየርላንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንች በበሽታ ሲጠፋና ረሃቡ ሲበረታ፣ በኮርክ መነኮሳትና በክሎንስ ከተማ የቄስ ሚስት የነበረችው ካሳንድራ ሃንድ የድሃ ገበሬ ልጆችን ኪሮሽ አስተማሩ። ልዩነቱ ማስተማሩ ላይ አላበቃም፤ ሥራው ተሰብስቦ፣ ጥራቱ ታይቶ ለንደንና ፓሪስ ተሸጠ። ብዙ ቤተሰብ ከረሃቡ የወጣው በሴት ልጆች ጣት ነው። የአየርላንዱ ሥራ በኋላ ሲወድቅም ትምህርት ሰጥቷል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማሽን አምሳያውን በርካሽ ማውጣት ሲጀምርና ፋሽኑ ሲቀየር፣ ስሙን ያላስጠበቀ ዕቃ ገበያውን አጣ።

ጎንደርም ዛሬ ያንኑ ፈተና ፊት ለፊት ታያለች። ከውጭ የሚገባው ዳንቴል መሳይ ፕላስቲክ በየሱቁ ተጠቅልሎ በሜትር ይሸጣል። ነገር ግን እውነተኛውን የኪሮሽ ቋጠሮ እንዳለ የሚሠራ የፋብሪካ ማሽን እስከ ዛሬ የለም፤ ማሽን የሚያወጣው አምሳያውን ነው። በዓለም ላይ ያለ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ሁሉ በሰው እጅ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ዋስትና ያላቸው ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ይህን የሚናገር መለያ ግን ዕቃው ላይ የለም።

ለጎንደር ሴቶች የእጅ ሥራ ገበያ መሆኑ አዲስ አይደለም። ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሩት የሸክላ ምስል ለቱሪስት ይሸጥ ነበር፤ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ዳር ሰፌድና የሱፍ ኮፍያ ይሸጣል። ይህ ገበያ ግን በእንግዳ ላይ የቆመ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱ በዳባትና በደባርቅ በኩል ሲያልፍ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በግጭት ሲናጥ እንግዳው ቀረ። ቱሪስት ላይ የተንጠለጠለ ክር ሰላም ሲጠፋ ቀድሞ ይበጠሳል። መንገድ ሲዘጋም ሥራው በቤት ውስጥ ይቀጥላል፤ ዕቃው ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በአንድ ፌስታል መቶው ይያዛል። የጎደለው ገዢው ጋ የሚያደርሰው መንገድና ዋጋውን የሚያስከብር አደረጃጀት ነው።

መፍትሔው ዳንቴልን እንደ ቅርስ ማወደስ ብቻ አይደለም። ሙገሳ ክር አይገዛም። መጀመሪያ ዋጋው በሰዓት ይሰላ። ሁለተኛ የሠሪዋ ስምና የሠራችበት ከተማ በዕቃው ላይ ይጻፍ፤ የጎንደር የሐር መጋረጃ ሠሪ ያላገኘውን ዕድል የዛሬዋ ሠሪ ታግኝ። ሦስተኛ ሆቴሎች፣ ካፌዎችና መሥሪያ ቤቶች በጠረጴዛቸው ላይ የሚዘረጉትን ፕላስቲክ በአገር ሥራ ይተኩ፤ ቋሚ ገዢ ማለት እነሱ ናቸው። አራተኛ ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራን ለወንዱም ለሴቷም፣ ከሒሳብና ከንግድ ጋር አያይዘው ያስተምሩ። በየዙሩ እኩል የሚጨምር ቋጠሮ ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው።

የጎንደር ሴት ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት ክሯን ለሸማኔ ሰጥታ ትጠብቅ ነበር። ኪሮሽ በእጇ ሲገባ መጠበቋን አቆመች፤ ጨርቁን ራሷ ጨረሰች። ዋጋውን የሚወስንላት ግን አሁንም ሌላ ሰው ነው። ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላል፤ የመጨረሻው ዙር ግን ገና አልተቋጠረም።